የዘይት ደረሰኝህን አምጣ

ባለፈው ክረምት አንድ ወዳጄ ከቨርጂኒያ ደወለልኝ። መኪናው አውራ ጎዳና ላይ እየሄደ ሳለ ከሞተሩ ውስጥ መዶሻ የሚመታ የሚመስል ድምፅ መሰማት ጀመረ፤ ብዙም ሳይቆይ ኃይል አጣና ጠፋ። በጎታች መኪና አስጎትቶ ዲለር አስገባው። በማግስቱ የሰርቪስ ክፍሉ ሠራተኛ እንዲህ አለው፦ «ሞተሩ ነክሷል፤ ተጣብቆ አልዞር ብሏል። ዋራንቲው ይሸፍነው እንደሆነ ለማየት መኪናውን ከገዛህበት ቀን ጀምሮ ያሉህን የዘይት ቅያሪ ደረሰኞች በሙሉ አምጣ።» ወዳጄ ዘይቱን በጊዜው የሚቀይር ሰው ነው፤ ግን በጥሬ ገንዘብ እየከፈለ፣ አንዴ እዚህ አንዴ እዚያ። «ወንድሜ፣ ፋብሪካው ያበላሸው ከሆነ የእኔን ዘይት ምን አመጣው?» አለኝ።

የመኪናውን ስም እዚህ መጥራት አያስፈልግም። ጥያቄው ግን እስካሁን ከአእምሮዬ አልወጣም፤ ምክንያቱም መልሱ «ዲለሮች ክፉ ናቸው» ከሚለው በጣም የጠለቀ ነው። ከ5,000 እስከ 10,000 ዶላር የሚያስወጣ ሞተር በማን ኪስ እንደሚታደስ የሚወሰነው በዚያች የደረሰኝ ጥያቄ ላይ ነው። ለምን እንደሆነ ለማየት ደግሞ የአደባባይ መዝገብ ካላቸው ጉዳዮች ውስጥ በደንብ የተመረመረውን መውሰድ ይሻላል፤ የሃዩንዳይና የኪያን «ቴታ 2» ሞተር።

ሞተሩ ውስጥ ምን ሆነ?

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና ከብረቱ እንጀምር። ፒስተኑን ከዋናው ዘንግ፣ ከክራንክ ሻፍቱ (የእኛ መካኒኮች ኮሎ ከሚሉት) ጋር የሚያገናኘው ቢየላ ነው። ቢየላው ኮሎውን በሚጨብጥበት ቦታ ብሮንዚን የሚባል ስስ ሽፋን አለ። ብረት ከብረት ጋር እንዳይነካካ የሚያደርገው በመካከሉ የሚያልፈው፣ ከፀጉር የቀጠነ የዘይት ንጣፍ ነው። ዘይቱ እዚያ የሚደርሰው ኮሎው ውስጥ በተበሱ ቀጫጭን ቀዳዳዎች በኩል ነው።

ሃዩንዳይ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2015 የ2011 እና የ2012 ሞዴል ሶናታዎችን ወደ 470,000 ያህል ለጥገና መልሶ ሲጠራ (ሪኮል ሲያደርግ) የሰጠው ምክንያት ይኸው ቀዳዳ ነበር። አላባማ ባለው የሞተር ፋብሪካ ኮሎው ሲበሳ የቀረ የብረት ፍቅፋቂ በደንብ ሳይጸዳ ሞተሩ ተገጣጥሟል። ፍቅፋቂው ዘይቱን ይዘጋል፤ ብሮንዚኑ ይደርቃል፣ ይሞቃል፣ ይበላል። መጀመሪያ ነዳጅ ሲሰጡት የሚፈጥን የማንኳኳት ድምፅ ይመጣል። ከዚያ ወይ ሞተሩ ይነክሳል፣ ወይ ቢየላው ተሰብሮ የሞተሩን ግድግዳ ይበሳል፤ የፈሰሰው ዘይት ትኩስ ብረት ላይ ሲያርፍም እሳት ይነሳል። በመጋቢት 2017 ጥሪው ሰፍቶ ሌሎች የሃዩንዳይ ሞዴሎችንና የኪያዎቹን ኦፕቲማ፣ ሶሬንቶና ስፖርቴጅ ጨምሮ ወደ 1.2 ሚሊዮን የሚጠጉ መኪኖችን ያዘ።

አሁን ወደ ወዳጄ ጥያቄ እንመለስ። ፍቅፋቂ የዘጋበት ብሮንዚንና ባለቤቱ ዘይት ሳይቀይር የገደለው ብሮንዚን ሲከፈቱ አንድ ዓይነት ናቸው። ሁለቱም የሞቱት በዘይት እጦት ነው፤ ሁለቱም ጥቁር ሆነው፣ ተልጠው፣ ከቦታቸው ተንሸራተው ይገኛሉ። መካኒኩ ፊት ለፊቱ ያለው ብረት ብቻውን ማን እንዳጠፋ አይነግረውም። ስለዚህ ፍርዱ ከብረቱ ወጥቶ ወደ ወረቀቱ ይሄዳል። የደረሰኙ ጥያቄ የሚመጣው ከዚህ ነው። ፍትሐዊ የማይሆነውም እዚሁ ላይ ነው፤ ፋብሪካው ስለ ኮሎው አበሳስና አጠባ ያለው መዝገብ በእጁ ሆኖ ሳለ መዝገብ እንዲያቀርብ የሚጠየቀው ባለመኪናው ብቻ ነው።

ነገሩን ይበልጥ የሚያወሳስበው ብዙዎቹ እነዚህ ሞተሮች ዘይት መብላታቸው ነው። ወደ 5 ኳርት (አንዱ ኳርት አንድ ሊትር ገደማ ነው) የሚይዝ ሞተር በየ1,000 ማይሉ አንድ ኳርት ቢያጎድል፣ ዘይቱን በየ5,000 ማይሉ በታማኝነት የሚቀይር ሰው እንኳ ከቅያሪው በፊት ባዶ ሊቀረው ይችላል። ደረሰኙ ሙሉ፣ ሞተሩ ደረቅ። ስለዚህ ዘይት መቀየርና ዘይት መለካት ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። መኪናው ሜዳ ላይ ቆሞ፣ ሞተሩ ከጠፋ ከጥቂት ደቂቃዎች በኋላ፣ ነዳጅ በሁለት ሞላ አንድ ጊዜ መለኪያውን ማውጣት፤ የጎደለውን መጨመር፤ የጨመሩበትን ቀንና ማይል መጻፍ፤ የገዙትን የአንድ ኳርት ጠርሙስ ደረሰኝ መያዝ። የጎደለው ከበዛ ዲለሩ «የዘይት ፍጆታ ፈተና» እንዲያደርግ ይጠየቃል፦ ዘይቱ ይሞላል፣ መክደኛው ይታሸጋል፣ 1,000 ማይል ያህል ተነድቶ ተመልሶ ይለካል። ውጤቱን በወረቀት መቀበል የግድ ነው።

ደረሰኝ የሌለው ሰው ምን ያደርጋል?

መጀመሪያ መታወቅ ያለበት ሕጉ ነው። ከ1975 ጀምሮ ያለው የአሜሪካ የዋራንቲ ሕግ (ማግነሰን ሞስ) አምራቹ «ዘይቱን እኔ ዘንድ ካልቀየርክ ዋራንቲህ ይቀራል» እንዳይል ይከለክላል። ሰፈር ያለ ጋራዥ መቀየር ይቻላል፤ ራስዎ ቤት ቀይረውትም ቢሆን የዘይቱና የፊልትሮው ግዢ ደረሰኝ ማስረጃ ነው። ዋራንቲ የሚከለከለውም እንዲያው «ደረሰኝ ጎደለ» ተብሎ መሆን የለበትም፤ ጉዳቱ ከጥገና ጉድለት የመጣ መሆን አለበት።

ሞተሩ ከቆመ በኋላ ወረቀት ፍለጋ መሮጥ ሰርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ ነው፤ ቢሆንም ብዙ ሰው ከሚያስበው በላይ የሚገኝ ነገር አለ። ጋራዦች ሥራቸውን የሚመዘግቡት በሰሌዳ ወይም በሻንሲ ቁጥር ስለሆነ «በሰሌዳዬ ፈልጉልኝ» ማለት ይበቃል። በካርድ የተከፈለ ከሆነ የባንክ ዝርዝሩ ቀኑን ያሳያል። ዘይት ቀያሪው ከመስታወቱ ጥግ የለጠፈው ወረቀት ላይ ማይል አለ። የመኪና ታሪክ የሚያሰባስበው ካርፋክስ የተባለ ድርጅትም አንዳንድ ጋራዦች የሚልኩትን የጥገና መዝገብ ይይዛል። እነዚህን በቀን ተራ አንድ ገጽ ላይ ጽፎ፣ ከእያንዳንዱ ጎን ማይሉን አስፍሮ ማቅረብ፣ የተጨማደደ ወረቀት በላስቲክ ይዞ ከመቅረብ ፈጽሞ የተለየ መልስ ያመጣል። ወዳጄም የሄደው በዚህ መንገድ ነው። በጥሬ ገንዘብ የከፈለባቸው ጋራዦች እንኳ ኮምፒውተራቸው ውስጥ ስሙ ነበር።

እምቢታ ከመጣ በቃል አትቀበሉት። ሦስት ነገር በጽሑፍ ጠይቁ፦ የጉዳቱ ምክንያት ምንድን ነው፣ ከዋራንቲው የትኛው አንቀጽ ነው የሚከለክለው፣ ለዚህስ ምን ማስረጃ ታየ። ሞተሩ እንዲከፈት ከመፍቀዳችሁ በፊትም ዋራንቲው እምቢ ካለ የመክፈቻውን ዋጋ ማን እንደሚከፍል ጠይቁ። ሲከፈት ከሥር ያለው የዘይት ኮፓ፣ የተቀደደው ፊልትሮና ብሮንዚኖቹ ፎቶ ይነሱ። ከሁሉም በላይ ጉዳዩ ሳይዘጋ አሮጌው ሞተር እንዳይጣል በጽሑፍ አሳውቁ። ብረቱ ከተጣለ በኋላ የሚቀረው የእነሱ ቃል ብቻ ነው።

ወረቀቱ መልኩን ሲቀይር

የቴታ 2 ባለቤቶች በጋራ ከሰው፣ ካሊፎርኒያ የሚገኝ የፌዴራል ፍርድ ቤት በ2021 ስምምነቱን አጸደቀ። ከ2011 እስከ 2019 ሞዴል ላሉና በስምምነቱ ውስጥ ለተካተቱ መኪኖች የሞተሩ የታችኛው ክፍል ከቢየላ ብሮንዚን ጋር ለተያያዘ ጉዳት የዕድሜ ልክ ዋስትና ተሰጠው። በግለሰብ እጅ እስካለ ድረስ ሁለተኛ ባለቤትም ይጠቀማል። ሦስተኛ ሰው እጅ የደረሰች ሶናታ ለሚገዛ የአገሬ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። የመኪናው መደበኛ ዋራንቲ እንደዚያ አይደለምና፤ ማስታወቂያው ላይ የሚነገረው 10 ዓመት ወይም 100,000 ማይል ለመጀመሪያው ገዢ ብቻ ሲሆን፣ ለሁለተኛው ወደ 5 ዓመት ወይም 60,000 ማይል ይወርዳል። ብዙ ሰው ይህን የሚያውቀው ሞተሩ ከቆመ በኋላ ነው።

በስምምነቱ መሠረት መከልከያው ተራ የደረሰኝ ጉድለት ሳይሆን «ልዩ ቸልተኝነት» የሚባል ከባድ ነገር ሆነ። ግን በዚያው ትርጉም ውስጥ ሌላ ወረቀት ገባ። አምራቾቹ «የኖክ ሴንሰር» ሶፍትዌር አወጡ። ይህ ሴንሰር ሞተሩ ላይ የተጣበቀ ጆሮ ነው፤ አዲሱ ሶፍትዌር ብሮንዚን መበላት ሲጀምር የሚፈጠረውን ንዝረት ለይቶ እንዲያዳምጥ ያደርገዋል። ሲሰማ የሞተሩ መብራት ብልጭ ድርግም ይላል፣ ፒ1326 የሚባል ኮድ ይመዘገባል፣ መኪናው ወደ ጋራዥ ለመድረስ ያህል ብቻ ኃይል ይሰጣል። ብሮንዚኑን አያድንም፤ ያስጠነቅቃል። የዕድሜ ልክ ዋስትናው ግን በዚህ ሶፍትዌር ላይ የተንጠለጠለ ነው፤ ጥሪው በፖስታ ደርሶ በ60 ቀን ውስጥ ያላስጫነ ባለቤት ሞተሩ በኋላ ቢነክስ ዋስትናውን ሊያጣ ይችላል።

እዚህ ላይ የእኛን ሰው የሚጎዳው ነገር በጣም ቀላል ነው፤ አድራሻ። ደብዳቤው የሚሄደው መኪናው ወደተመዘገበበት አድራሻ ነው። ቤት የቀየረና መኪና ለሚመዘግበው መሥሪያ ቤት፣ ለዲኤምቪ፣ ያላሳወቀ ሰው ደብዳቤው ሳያየው ያልፈዋል፤ የማስታወቂያ ወረቀት መስሎት የሚጥለውም ብዙ ነው። ስለዚህ ዲለር ደውሎ የሻንሲ ቁጥሩን ሰጥቶ «የኖክ ሴንሰሩ ሶፍትዌር ተጭኗል ወይ? የተጫነበትን ቀን አትሙልኝ» ማለት የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው። የሻንሲ ቁጥሩ 17 ፊደልና አኃዝ ነው፤ አሥረኛው ቦታ የሞዴሉን ዓመት ይነግራል፦ ቢ 2011፣ ሲ 2012፣ ዲ 2013፣ ኢ 2014።

አንድ ነገር ደግሜ ላስጠንቅቅ። ፒ1326 ሲመጣ የሰፈር መካኒክ በኮምፒውተር አጥፍቶ «ተስተካክሏል፣ ንዳው» እንዲላችሁ አትፍቀዱ። ያ ኮድ ማስረጃችሁ ነው። የመብራቱን ፎቶ ከማይሉ ጋር አንሱ፣ ኮዱ ሳይጠፋ ዲለር ይየው።

አንድ መሐንዲስና ብዙ ትናንሽ ቅሬታዎች

ይህ ሁሉ ባለመኪኖች ስለጮኹ ብቻ የመጣ አይደለም። ኪም ጓንግ ሆ የተባለ ከ25 ዓመት በላይ በሃዩንዳይ የሠራ መሐንዲስ በነሐሴ 2016 ከሴኡል ዋሽንግተን በርሮ የውስጥ ሰነዶችን ለአሜሪካው የመንገድ ደህንነት መሥሪያ ቤት፣ ለኒትሳ፣ አቀረበ። ኩባንያው ማድረግ ከሚገባው ያነሱ መኪኖችን ነው የጠራው ሲል ተናገረ። በዚያው ዓመት ከሥራው ተባረረ። በኅዳር 2020 ሁለቱ ኩባንያዎች መኪኖቹን ዘግይተው በመጥራታቸውና ትክክለኛ ያልሆነ መረጃ በመስጠታቸው በድምሩ 210 ሚሊዮን ዶላር በሚደርስ ስምምነት ታሰሩ፦ ሃዩንዳይ 140፣ ኪያ 70 ሚሊዮን። ከዚህ ውስጥ በጥሬው ለመንግሥት የተከፈለው 81 ሚሊዮን ነበር፤ ሕጉ ለጠቋሚ ከሚፈቅደው ከ10 እስከ 30 በመቶ ከፍተኛው ተሰልቶ ኪም በ2021 ከ24 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሰጠው። መሥሪያ ቤቱ እንዲህ ያለ ሽልማት ሲሰጥ የመጀመሪያው ነበር።

ይህን የሰማ ሰው «እንግዲያ እኔ ሰነድ የሌለኝ ምን ላመጣ?» ሊል ይችላል። እኔ ግን የማነበው በተቃራኒው ነው። የኪም ሰነዶች ክብደት ያገኙት መንገድ ላይ የቆሙ መኪኖች ቅሬታ ቀድሞ ተጽፎ ስለቆየ ነው። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል። ኒትሳ የእያንዳንዱን ሰው ጉዳይ አያስታርቅም፤ ገንዘብም አያስመልስም። የሚያደርገው መደርደር ነው፤ ተመሳሳይ ሞዴል፣ ተመሳሳይ ሞተር፣ ተመሳሳይ ጉዳት ሲከማች ምርመራ ይከፍታል።

ስለዚህ አጻጻፉ ዋጋ አለው። «ሞተሩ ተበላሸ፣ 7,000 ዶላር ጠየቁኝ» የሚል ቅሬታ የኪስ ጉዳይ ነው፤ መሥሪያ ቤቱ የሚመለከተው ደህንነትን ነው። «በሰዓት 65 ማይል፣ በመካከለኛው መስመር፣ ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ ኃይል ጠፋ፤ ወደ ዳር መውጣት አልቻልኩም፤ መኪናው 84,000 ማይል ነበረው» የሚለው ግን መርማሪ የሚፈልገው ዓረፍተ ነገር ነው። የሻንሲ ቁጥሩን፣ ቀኑን፣ ፍጥነቱን፣ መብራት በርቶ እንደነበር፣ ዲለሩ ምን እንዳለ ጨምሩ። እንግሊዝኛው ቢሰነካከል ምንም አይደለም፤ ቁጥሮቹ ትክክል ይሁኑ። ኒትሳ በስልክም ይቀበላል፦ 888-327-4236።

ማንን፣ በምን ቅደም ተከተል

ሪኮል፣ የተራዘመ ዋራንቲና የቴክኒክ ማስታወቂያ ይምታታሉ። ሪኮል የደህንነት ጉድለት ነው፤ ጥገናው በነፃ ነው፣ ባለቤቱ ስንተኛ እንደሆነ አይጠየቅም፣ ነፃነቱ ግን መኪናው መጀመሪያ ከተሸጠ 15 ዓመት ድረስ ነው። የተራዘመ ዋራንቲ አምራቹ በፈቃዱ ወይም በፍርድ ቤት ስምምነት የሚሰጠው ሲሆን የዓመትና የማይል ገደብ ሊኖረው ይችላል። የቴክኒክ ማስታወቂያ ደግሞ አምራቹ ለዲለሮች «እንዲህ ዓይነት ችግር ሲመጣ እንዲህ ሥሩ» ብሎ የሚልከው ነው፤ በራሱ ነፃ ጥገና አይሰጥም። ግን አምራቹ ችግሩን እንደሚያውቅ የሚመሰክር የራሱ ወረቀት ነውና ለክርክር ወርቅ ነው። ኒትሳ እነዚህን ማስታወቂያዎች በየሞዴሉ ለሕዝብ ይለቃቸዋል።

ዲለሩ እምቢ ሲል ነገሩ አለቀ ማለት አይደለም። ዲለር ሻጭ ነው፤ ዋራንቲውን የሰጠው አምራቹ ነው። ወደ አምራቹ የደንበኞች ክፍል ደውሎ የጉዳይ ቁጥር ማስከፈት፣ ከዚያ በኋላ እያንዳንዱን ንግግር በዚያ ቁጥር በኢሜይል ማስከተል። ዋራንቲ ያለፈበት መኪና እንኳ «ለደንበኝነት» ተብሎ ከፊል ክፍያ ሊፈቀድለት ይችላል፤ የመጀመሪያው መልስ የመጨረሻው አይደለም። እሱ ካልሠራ ብዙ አምራቾች የሚሳተፉበት፣ ለባለመኪናው ነፃ የሆነ የግልግል መድረክ አለ፤ ቢቢቢ ኦቶ ላይን ይባላል። ከዚያም የትናንሽ ጉዳዮች ፍርድ ቤት አለ፤ ዋሽንግተን ዲሲ እስከ 10,000፣ ሜሪላንድ እስከ 5,000 ዶላር ያለ ጠበቃ ይሰማል።

ሪኮሉ ከመውጣቱ በፊት በገዛ ገንዘቡ ያሠራ ሰውም ደረሰኙን አይጣል፤ አምራቾች እንዲህ ላለው ወጪ የማስመለሻ አሠራር እንዲኖራቸው ሕጉ ያስገድዳል። የጋራ ክስ ስምምነቶች ግን የማመልከቻ ቀን አላቸው፤ ያለፈው አይመለስም።

አሜሪካ ውስጥ ያገለገለ መኪና የሚሸጥ ነጋዴ ያልተሠራ ሪኮል ያለበትን መኪና እንዳይሸጥ የሚከለክል የፌዴራል ሕግ የለም። ያልጠረጠረ ተመነጠረ። ከመክፈል በፊት የሻንሲ ቁጥሩን ኒትሳ ላይ ማስገባት ነፃ ነው፤ አዲስ አበባ ተቀምጦ ከአሜሪካ የመጣ መኪና የሚገዛ ሰውም ያንኑ ማድረግ ይችላል። በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ ኢትዮጵያ እንዳይገቡ ከ2024 ወዲህ ከተከለከለ በኋላ ደግሞ ጥያቄው ወደ ባትሪ ዞሯል። ለብዙ የኤሌክትሪክ መኪና ገዢዎች ከአምራቹ በፊት ፊት ለፊት ያለው አስመጪው ነው። ስለዚህ የባትሪው ዋስትና ላይ የፈረመው ማን እንደሆነ፣ ከየትኛው ቀን እንደሚቆጠር፣ አቅሙ ከስንት በመቶ በታች ሲወርድ እንደሚተካ ከመክፈል በፊት በውሉ ላይ መስፈር አለበት።

መኪናችሁ ገና እየሄደች ያለች፣ ድምፁ አልፎ አልፎ ብቻ የሚሰማ ከሆነ ደግሞ ዛሬውኑ ዲለር ውሰዷት፤ ሪፔር ኦርደር የሚሉትን የሥራ ማዘዣ ሳትይዙም አትውጡ። «ችግር አላገኘንም» ቢሉም ወረቀቱ ይሰጣችሁ። ቀኑ፣ ማይሉና ቅሬታው እናንተ እንዳላችሁት፣ «ሲሞቅ ያንኳኳል፣ ነዳጅ ስሰጠው ይፈጥናል» ተብሎ ይጻፍበት። ጸሐፊው «ደንበኛው ድምፅ አለ ይላል» ብሎ ካሳጠረው ከመፈረማችሁ በፊት አስተካክሉልኝ በሉት። ዋራንቲው ሳያልፍ የተጻፈ አንድ እንዲህ ያለ ገጽ፣ ዋራንቲው ካለፈ በኋላ ሞተሩ ቢነክስ «ችግሩ የጀመረው ያኔ ነው» ለማለት የሚያስችላችሁ እሱ ነው።